ሬድዋን የመረጠው ኮምፒውተር

የቡና ወቅት ሲደርስ፣ በይርጋጨፌና በአሪቻ የቡና መፈልፈያዎች ውለው የሚመለሱ ሰዎች እኔ ወደምሠራበት መድኃኒት ቤት ጎራ ሲሉ፣ ከልብሳቸው የሚነሣው የኮመጠጠ የእሸት ቡና ልጣጭ ሽታ የመድኃኒቱን ሽታ ሁሉ አሸንፎ አፍንጫዬ ላይ ይቀመጣል። ከጠዋት ጀምሮ ቆሜ የዋልኩበት እግሬ እንደደነዘዘ፣ የሐኪሙን ማዘዣ በእጄ እንደያዝኩ፣ ለአፍታ የት እንዳለሁ ይጠፋኛል። ሽታው የአባቴ ነው። በልጅነቴ እሱ ከመግባቱ በፊት ሽታው ይገባ ነበር።

አባታችን የአይሱዙ ሾፌር ነበር። በቡና ወቅት ከየገጠሩ ገበያ እሸት ቡና እየጫነ ወደ መፈልፈያዎቹ ሲያመላልስ ይከርምና፣ ወቅቱ ሲያልፍ መኪናውን አሳጥቦ የአዲስ አበባንና የሞያሌን መንገድ ይጀምር ነበር። እናታችን ዘምዘም ደግሞ ዲላ ገበያ አጠገብ የጨርቅ ሱቅ ነበራት፤ ጠዋት ከፍታ፣ ቀኑን ሙሉ ጣቃ ስታወርድና ስትሰቅል ውላ፣ አመሻሹ ላይ ዘግታ ስትመጣ ትከሻዋ ከሄደችበት ጊዜ ይልቅ ዝቅ ያለ ይመስለኝ ነበር። ቤት እንደገባች ሻርፗን ፈትታ ግድግዳውን ተደግፋ ትቀመጥና፣ «አንድ ጊዜ ብቻ ዓይኔን ልክደን፤ ከዚያ እነሣለሁ» ትለን ነበር። እውነትም ትነሣ ነበር፤ እራት ይሠራል፣ ልብስ ይታጠባል፣ ለነገ የሚሆነው ይዘጋጃል። እኔና ወንድሜ ሬድዋን እናታችን ስታርፍ አይተን አናውቅም፤ የምናውቀው ልታርፍ ስትል ብቻ ነው።

ሬድዋን በሁለት ዓመት ይበልጠኛል። ያኔ እሱ አሥራ ሦስት ዓመቱ ነበር፤ ቀጭን፣ ረጅም እግር ያለው፣ ኳስ ሲይዝ ጎረቤት ሁሉ ስሙን የሚጠራው ልጅ። ቤታችን ከአስፋልቱ ወደ ታች በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ስለነበር፣ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ያንን ቁልቁለት በሩጫ ወርዶ፣ ደብተሩን በመስኮት ወደ ውስጥ ወርውሮ፣ መልሶ ሽቅብ ይሮጥ ነበር። ከእሱ የማይለየው ጓደኛው ታሪኩ ከኛ በታች ባለው ግቢ የሚኖር፣ በቤታቸው ጌዴኡፋ የሚናገር ልጅ ነበር፤ አማርኛውን ከሰፈር ስለለቀመው ሴቱንና ወንዱን ያምታታና፣ እኔን ደጅ ላይ ሲያገኘኝ «ፈትያ፣ ሬድዋን ወጣች እንዴ?» ይለኝ ነበር። እኛም እያሾፍን «አዎ፣ ወጣች» እንለው ነበር።

በዚያ ዓመት በበልጉ ዝናብ ሬድዋንን ጉሮሮውን አመመው። እንደማንኛውም ጉንፋን ያልፋል ብለን ዝም አልን። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ጉልበቱ አበጠ፤ እሱ ሲቀል ክርኑን፣ ክርኑ ሲሻለው ቁርጭምጭሚቱን ይይዘው ጀመር። ከዚያ ቁልቁለቱን በሩጫ የሚወርደው ልጅ በእርምጃ መውረድ ጀመረ፤ ሽቅብ ሲሄድ ደግሞ መሃል ላይ ቆሞ፣ የሚያየው ነገር እንዳለ ሰው ዛፍ ዛፉን እያየ ትንፋሹን ይሰበስብ ነበር። እናቴ በጋሪ ሆስፒታል ወሰደችው፤ ከዚያ ወደ ሐዋሳ፣ ከሐዋሳም ወደ አዲስ አበባ ላኩት። ሲመለሱ እናቴ ፊቷ አመድ መስሎ ነበር። የልብ በር የሚሉት ነገር ተጎድቷል፣ በየወሩ መርፌ ይወጋል፣ ኳስ የለም፣ ሩጫ የለም፣ ዳገት የለም፣ ምናልባትም አንድ ቀን ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል ብለዋት ነበር። እሷ ይህንን ስትነግረን ሬድዋን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ጫማውን እያየ፣ «እስከ መቼ ነው?» ብሎ ጠየቀ። 

ክረምቱ ሲገባ እሱ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ይውል ጀመር። ከትምህርት ቤት ብዙ ስለቀረ ክፍሉን ደግሟል፤ ወደ ሜዳ መውጣት አይችልም፤ ብቸኛ መዝናኛው ሊሆን ይችል የነበረው የብሩክ ጌም ቤት እንኳ ዳገቱ አናት ላይ፣ አስፋልቱ ዳር ነበር። ብሩክ በከተማው መጀመሪያ ፕሌስቴሽን ቤት ከከፈቱት ወጣቶች አንዱ ነው፤ በጠባቧ ክፍሉ ውስጥ ልጆች ጆይስቲክ ይዘው፣ ሌሎቹ ከኋላ ተደራርበው ቆመው ሲጮኹ ድምፃቸው እስከ ቤታችን ይሰማ ነበር። ሬድዋን ድምፁን እየሰማ፣ «አሁን ጎል ገባ» ይለኝ ነበር። ማን እንዳገባ ከጩኸቱ ይለይ ነበር።

አባቴ ይህንን አንድ እሁድ ቁጭ ብሎ ሲያይ ዋለ። ማታ እራት ላይ፣ «ሬድዋን፣ የዘንድሮ ቡና ሲያልቅ እቤት የምትጫወትበት ነገር እገዛልሃለሁ፤ ኢንሻአላህ» አለው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቤታችን ውስጥ ሌላ ወሬ ጠፋ፤ የሚገዛው ፕሌስቴሽን ነው ወይስ ጌም የሚያጫውት ጠንካራ ኮምፒውተር?

ሬድዋን ፕሌስቴሽኑን ነበር የሚፈልገው። «ሁለት ጆይስቲክ አለው፤ አንዱን እኔ፣ አንዱን ታሪኩ። የተሸነፈ ይነሣል፣ ሌላ ይቀመጣል» ይል ነበር። አባቴ ደግሞ በመንገድ ላይ ያገኛቸውን የተማሩ ሰዎች ሁሉ እየጠየቀ፣ ኮምፒውተር እንደሚሻል ተነግሮት መጣ። «ጨዋታውንም ይጫወትበታል፣ ትምህርቱንም ይማርበታል። ይህ ልጅ እንግዲህ በጉልበቱ አያድርም፤ በእጁና በጭንቅላቱ ነው የሚያድረው» አለ። እኔም ኮምፒውተሩን ነበር የምፈልገው፤ የትምህርት ቤታችን ጸሐፊ ፊደሎቹን ሳታይ ስትጽፍ በመስኮት እያየሁ እቀናባት ስለነበር፣ እኔም እንደዚያ መጻፍ እመኝ ነበር።

እናቴ ሐሳቧን ለመናገር ጊዜ አልወሰደባትም። «ፕሌስቴሽን ማለት የብሩክን ቤት እዚህ ማምጣት ማለት ነው» አለች። «እኔ ቀን ሙሉ ከገበያተኛ ጋር ስጨቃጨቅ ውዬ ገብቼ፣ የሰፈር ልጅ ሁሉ ጭቃውን ይዞ ምንጣፌ ላይ ሲጮህ አልችልም። ሐኪሙስ ልጁ አይደንግጥ፣ አይረበሽ አላለም? ወላሂ ጉልበት የለኝም።» ሬድዋን ሰማት።

የቡናው ወቅት ባለቀ ጊዜ አባቴ ወደ አዲስ አበባ ጭነት ይዞ ሊሄድ ሲል፣ ሁላችንም ባለንበት ሬድዋንን ፊቱ አስቀመጠው። «እኔም እናትህም ሐሳባችንን ተናግረናል። የሚገዛው ግን ላንተ ነው፤ ምረጥ» አለው። ሬድዋን ወደ ግድግዳው ዞር ብሎ አየ። እናቴ ከሱቅ እንደገባች አንድ ጫማዋን አውልቃ፣ ሌላውን ሳታወልቅ፣ አፏን በትንሹ ከፍታ ተቀምጣ እንቅልፍ ወስዷት ነበር። ሻርፗ ትከሻዋ ላይ ወርዷል፤ እጇ ላይ ከጨርቅ የተነቀለ ክር ተጠምጥሞ ቀርቷል። ሬድዋን ረዘም ላለ ጊዜ አያት።

«ኮምፒውተሩ ይሻላል» አለ።

«እርግጠኛ ነህ?» አለው አባቴ፤ እሱም ገርሞታል።

«አዎ። ኮምፒውተር ድምፅ የለውም።»

ኮምፒውተሩ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ፣ ከጋቢናው ወንበር ጀርባ ተኝቶ ከአዲስ አበባ መጣ። ጓዳ ውስጥ ጠረጴዛ ተደረገለት። መጀመሪያ ሰሞን የሰፈሩ ልጆች ሁሉ ጉድ ብለው ሊያዩት መጡ፤ ከሬድዋን ወንበር ጀርባ ቆመው መኪናው ሲበር፣ ኳሱ ሲመታ አብረው ይጮኹና፣ «እስቲ አንዴ ለኔም» ይሉ ነበር። ነገር ግን ማውሱ አንድ ነው፣ ወንበሩም አንድ ነው፤ አንዱ ሲጫወት ሌላው የሰው ማጅራት እያየ ይቆማል። በጋው ደግሞ ደርሶ ሜዳው ደርቆ ነበር። ታሪኩ ከሁሉም ዘግይቶ ቀረ። መጨረሻ ላይ እሱም በር ላይ ቆሞ፣ «ከጨዋታ በኋላ እመጣለሁ» እያለ ይሄድና ሳይመጣ ይመሽ ጀመር። አልፈርድበትም፤ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበር፣ እግሩም ጤነኛ ነበር።

ቤታችን እናቴ እንደፈለገችው ጸጥ አለ። ሬድዋን ጀርባውን ለቤቱ ሰጥቶ፣ ፊቱ በስክሪኑ ብርሃን ሰማያዊ ሆኖ ይውል ነበር። ሲደክመው እኔ እቀመጥና ፊደል ፊደሉን እየፈለግሁ ስሜን እጽፍ ነበር፤ ከስሜ አልፌ ዓረፍተ ነገር መጻፍ ስጀምር ዓለም የተከፈተችልኝ መሰለኝ። መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩ በአንድ ጊዜ ድርግም ይላል፤ ሬድዋን ግን ከወንበሩ አይነሣም ነበር። መብራቱ እስኪመጣ ጥቁሩን መስታወት እያየ ይጠብቅ ነበር።

አንድ ከሰዓት እናቴ ራስ ምታት ይዟት ሱቁን ቀድማ ዘግታ መጣች። እኔ ግቢ ውስጥ ልብስ እያሰጣሁ ነበር። ገና በሩ ጋ ስትደርስ ከጓዳ የሬድዋን ድምፅ ይሰማል፤ «ታሪኩ ያዘ… ታሪኩ አለፈው… ለአቡሽ ሰጠ፤ ምታው አቡሽ፣ ምታው!» ይላል። እናቴ ቆም አለች፤ ጓደኞቹ መጡለት ብላ ፊቷ ሲፈታ አየሁ። ከዚያ ወደ ደጃፉ ጎንበስ ብላ ተመለከተች።

«ጫማቸውስ?» አለችኝ።

«የማን?»

ወደ ውስጥ ገባች፤ እኔም ተከተልኳት። ሬድዋን ብቻውን ነበር። ከማሽኑ ጋር እየተጫወተ፣ በስክሪኑ ላይ ለሚሮጡት ሰዎች የጓደኞቹን ስም እየሰጠ፣ ራሱ ተናጋሪ፣ ራሱ ተመልካች ሆኖ ነበር። መግባታችንን አላወቀም። «ታሪኩ ወደቀ፤ አይዞህ፣ ተነሣ» አለ፤ ድምፁ ለስለስ ያለ ነበር። እናቴ በሩን ይዛ ለጥቂት ጊዜ ቆማ፣ ሳትነካው፣ ሳትጠራው፣ እንደገባች ወጣች። ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ሻርፗን አፏ ላይ ያዘች። ራሷን ያመማት መስሎኝ ውኃ አመጣሁላት፤ አልጠጣችውም።

በማግስቱ ሱቅ ከመክፈቷ በፊት ዳገቱን ወጥታ ብሩክን ይዛው መጣች። አባቴ ያን ጊዜ ሞያሌ ነበር፤ አልጠየቀችውም። ብሩክ ኮምፒውተሩን ከፍቶ፣ ዘግቶ፣ ከጀርባው አይቶ ተገረመ።

«እትዬ ዘምዘም፣ ይህ እኮ ከእኔ ዕቃ ይበልጣል» አላት።

«ለእኔ አይበልጥም።»

«ልጁ ይማርበታል እኮ።»

«ብሩኬ፣ ፕሌስቴሽንህን አምጣልኝና ይህን ውሰድ። ይበልጣል ካልክ ጆይስቲክ ጨምርልኝ፤ አንዱ ሲሰበር ሌላ እንዲኖር።»

እኔ ትምህርት ቤት ሄጄ ስመለስ ጠረጴዛው ባዶ ነበር። አለቀስኩ፤ ለምን ሳትጠይቂኝ ብዬ እግሬን መሬት ላይ መታሁ። እናቴ አልተቆጣችኝም፤ እጄን ይዛ አጠገቧ አስቀመጠችኝና፣ «አንቺ ትሮጫለሽ፣ ፈቲ» አለችኝ። «ነገ የምትፈልጊውን ሮጠሽ ታገኚዋለሽ። እሱ ግን ወደ እሱ የሚመጣ ካልመጣለት ምንም የለውም።» ያን ቀን አልገባኝም። ሬድዋንም አልገባውም፤ ሳሎኑ ውስጥ ቴሌቪዥኑ ሥር የተቀመጠውን ፕሌስቴሽን እያየ፣ «እማ፣ ድምፁስ?» አላት። «ጩኸት ለምዶብኛል» አለችው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ክረምት ሳስበው እንኳ ይደክመኛል። የዲላ ዝናብ ከተነሣ አያባራም፤ ሜዳው ረግረግ ሲሆን ልጆቹ ሁሉ እኛ ቤት ይከተቱ ነበር፤ ደጃፋችን ላይ ጭቃ የጠጣ ጫማ ተከምሮ መግቢያ እስኪጠፋ ድረስ፣ ሳሎኑ የረጠበ ካልሲና የተጠበሰ በቆሎ እስኪሸት ድረስ። የተሸነፈ ይነሣል፣ ሌላ ይቀመጣል። መብራት ሲጠፋ እንኳ አይሄዱም ነበር፤ በጨለማው ተደርድረው ማን ማንን እንዳሸነፈ ሲከራከሩ፣ ሬድዋን መሃላቸው ሆኖ ሲዳኝ፣ ድምፁ ከሁሉም ድምፅ በላይ ይሰማ ነበር። እናቴ ከሱቅ ትመጣለች፤ ጫማዎቹን በእግሯ ገፋ ገፋ አድርጋ መንገድ ታበጅና፣ ሻይ ጥዳ፣ ለሁሉም ቀድታ፣ በዚያ ሁሉ ጩኸት መሃል ግድግዳውን ተደግፋ ዓይኗን ትከድናለች። አባቴም ከመንገድ ሲመለስ የመጀመሪያ ቀን ተቆጥቶ ነበር፤ በሁለተኛው ቀን ታሪኩ ጆይስቲክ ሲያቀብለው ተቀምጦ ተጫወተና በልጆቹ ተሸነፈ።

ዝናቡ ሊወጣ ሲል አንድ ቀን ሬድዋን ተራው ደርሶ ጆይስቲኩን ሲቀበል ከእጁ ወደቀ። እየሳቀ ነበር፤ ቀጥሎ ግን ከንፈሩ ጠቆረ፤ ወደ ፊት አጎንብሶ አየር እንደሚጠጣ ሰው አፉን ይከፍትና ይዘጋ ጀመር። እናቴ ሱቅ፣ አባቴ መንገድ ላይ ነበሩ። እኔ መጮህ እንኳ አቅቶኝ ቆምኩ። ታሪኩ ግን ጎንበስ ብሎ ጀርባውን ሰጠው፤ ሌሎቹ አንሥተው አሳዘሉት፤ ያን የሚያዳልጥ ዳገት ሁለቱ ከኋላ እየገፉ፣ አቡሽ ጋሪ ሊያስቆም ቀድሞ እየሮጠ፣ ባዶ እግራቸውን ወጡት። ጫማ ማድረጊያ ጊዜ አልነበረም። እኔ እናቴን ልጠራ ወደ ገበያ ሮጥኩ። ሆስፒታል ስንደርስ ሬድዋን አፍንጫው ላይ ኦክስጅን ተደርጎለት፣ ታሪኩ ከአልጋው ሥር በጭቃ ተለውሶ ተቀምጦ ነበር። እናቴን ሲያያት ተነሥቶ፣ «እማማ ዘምዘም፣ ሬድዋን ደህና ናት» አላት። እናቴ ስቃ አታውቅም ነበር፤ ያን ቀን ግን ሳቀች ማለት እችላለሁ፤ እንባዋ እየወረደ።

ሐኪሙ «ትንሽ ዘግይቶ ቢሆን ኖሮ…» ብሎ ሳይጨርሰው ተወው። እኔ ዕቃው አዳነው አልልም። ልጆች ቤቱ ውስጥ ነበሩ፤ ይኸው ነው።

ከዚያ ብዙ አድካሚ ነገር መጣ፤ አዲስ አበባ፣ ወረፋ፣ ቀጠሮ፣ እንደገና ቀጠሮ። እናቴ ሱቁን ዘግታ ከእሱ ጋር ስትከርም እኔ ከአባቴ እህት ጋር ቆየሁ። በመጨረሻ ቀዶ ሕክምናው ተሳካ፤ ሬድዋን ደረቱ ላይ ረጅም ጠባሳ ይዞ፣ ከሄደበት ጊዜ ቀጥኖ ተመለሰ። እናቴ ግን በዚያው ጠና አለች፤ ጸጉሯ የሸበተው ያኔ ነው። ልጆቹ እየጎረመሱ ሲሄዱ ወደ ቤታችን መምጣታቸው እየቀነሰ ሄደ፤ ፕሌስቴሽኑም አርጅቶ አንድ ቀን አልነሣም አለ፤ ማንም ልብ ያለው አልነበረም።

ሬድዋን ዛሬ አዲስ አበባ ትዳር ይዞ ይኖራል፤ መድኃኒቱን በየቀኑ ይውጣል፤ ደረጃ ሲወጣ አሁንም መሃል ላይ ይቆማል። ታሪኩ አሪቻ አካባቢ መምህር ነው፤ ከተማ ሲወርድ እናቴን ሳይጠይቃት አይመለስም። አባታችን ካረፈ ቆይቷል። እኔ እዚሁ ዲላ፣ እናቴን ይዤ፣ ከልጄ ከአሚር ጋር እኖራለሁ። እናቴ ያኔ በነበረችበት ዕድሜ ላይ ነኝ፤ ከመድኃኒት ቤት ስመለስ እንደ እሷ ግድግዳ እደገፋለሁ።

አሚር በዚህ ሰሞን ፕሌስቴሽን ይሻላል ወይስ ጌሚንግ ኮምፒውተር እያለ ይወተውተኛል። ልቡ ያለው ኮምፒውተሩ ላይ ነው። «ከጓደኞቼ ጋር እጫወትበታለሁ» ይለኛል። ማን ማን ናቸው ስለው አንዱ ሐዋሳ፣ አንዱ አዲስ አበባ፣ አንዱ ደግሞ ከግድግዳው ወዲያ ያለው የጎረቤታችን ልጅ ነው። «እሱማ እዚህ ይምጣ እንጂ» አልኩት። «ለምን ይመጣል? በኔትወርክ እንገናኛለን» አለኝ፤ ጥያቄዬ እውነት ገርሞት። እስካሁን አልገዛሁለትም። የትኛው እንደሚሻል ስለማላውቅ አይደለም፤ ለየትኛው፣ ለጩኸቱ ወይስ ለጸጥታው፣ አቅም እንዳለኝ ስለማላውቅ ነው።

ባለፈው እናቴ በረንዳው ላይ ፀሐይ ስትሞቅ አጠገቧ ተቀመጥኩና፣ «እማዬ፣ ያኔ እንደዚያ ደክሞሽ እያለ ያን ሁሉ ልጅ እንዴት ቻልሽው?» ብዬ ጠየቅኋት።

ለማስታወስ እየሞከረች ሻርፗን አስተካከለች።

«ደክሞኝ ነበር እንዴ?» አለች። «እኔ የማስታውሰው የልጆቹ ሻይ ስኳር ቶሎ ቶሎ ይጨርስብኝ እንደነበር ነው።»

እኔ ቤት ስኳር ብዙ ይቆያል።